የፍልፈል ጭራ ያመጣብኝ ጣጣ

ከሁሉ አስቀድሜ ጎረቤቶቼን ላመስግን። በተለይ አንድ ቀን ጠዋት መተተኛ ናት ብለው እንደ እንግዳ ሰው ያፈጠጡብኝን። እግዜር ይስጣቸው። እነሱ ባይደነግጡ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር።

እኔ የምኖረው ጎባ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሰነቴ ተራራ ወርዶ በየአጥሩ ሥር በሚንፏቀቅበት ሰፈር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል የሽንኩርቱ ጥፋት ነው በሉት።

የልጅ ልጄ ሲፈን ትባላለች። አባቷ የመጨረሻ ልጄ ነው፤ አንገቱ በምትባል ከተማ ቡና ይነግዳል። ለትምህርት ስትደርስ፣ «እማዬ፣ አንቺ ጋ ሆና ትማር» ብሎ አመጣልኝ። ይህች ልጅ ቤት ውስጥ ስትሆን ማጥፊያው የተሰበረ ሬዲዮ ናት። ከዶሮ ጋር ታወራለች፣ ከድስት ጋር ታወራለች፣ ተኝታ ታወራለች። በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርስና እንደገና ከመሃሉ ትነሳለች። እኔም ወሬ የምወድ ሰው ነኝ፤ ግን አንዳንዴ ከእሷ ለማረፍ ሽንት ቤት ገብቼ ቁጭ እላለሁ። እዚያም በበሩ ሽንቁር «አኮ፣ ጨረስሽ?» ትለኛለች። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን መምህሯ አስጠራችኝ። ሀዊ ትባላለች፣ በሚኒባስ ከሮቤ እየተመላለሰች የምታስተምር፣ ልብሷን አቧራ ሳይነካው የምትውል፣ ፊቷ ሁልጊዜ ብሩህ የሆነ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን ፊቷ ጠቆር ብሏል።

«እማማ፣ ቅር እንዳይልዎት። ሲፈን ትሰማለች?»

«ምኑን?»

«ማለቴ... ጆሮዋ ደህና ነው?»

«ጆሮዋማ! እኔ ጓዳ ሆኜ የስኳር ጣሳ ስከፍት ከውጭ በር ላይ ሆና ትሰማለች!»

«ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ልጆቹም ዲዳ ናት ብለው ትተዋታል። በእረፍት ሰዓት ከግንቡ ጥግ ቦርሳዋን አቅፋ ትቆማለች። እንዲህ ከቀጠለች አንደኛ ክፍል መግባቷ ያሳስበኛል።»

አንደኛ ክፍሉስ ይደረስበት ነበር። ያ የቦርሳው ነገር ግን አንጀቴን በላው። ቤት ስንደርስ እንደዋዛ ጠየቅኳት። «ሲፉዬ፣ ትምህርት ቤት ለምን አታወሪም?»

እግሮቿን አየችና፣ «አኮ፣ እዚያ ብዙ ናቸው» አለችኝ።

ብዙ ናቸው! ሰው እኮ ለማውራት ሰው ይፈልጋል እንጂ፣ አልኩ በልቤ። አልገባኝም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መምህርቷ ደግሞ ሌላ ነገር ይዛ መጣች። የተረት ቀን ሊያከብሩ ነው አለችኝ። ልጆቹ ተረት ይሰማሉ፣ ከዚያ በተረቱ ውስጥ ያሉትን ነገሮች ሊፈልጉ ይወጣሉ፤ ዕቃዎቹ በየቦታው ተደብቀዋል፣ አንዱን ሲያገኙ ተረቱ ወደሚቀጥለው ይመራቸዋል። በስልኳ አይታው ነው። «መጽሐፍ ግን ያሉን ጥቂት ናቸው፤ ልጆቹም በቃላቸው ይዘዋቸዋል። እማማ፣ እርስዎ ተረት ያውቃሉ?»

ይህ ሰነቴ ላይ ይበርዳል ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። አስቀምጬ የፍልፈልን ተረት ነገርኳት። ይህን ተረት ማንም አያውቀውም፤ ሲፈንን ለማስተኛት እኔው ነኝ የፈጠርኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፍልፈል ድሮ ረጅምና ያማረ ጭራ ነበረው። ቀበሮ ለሰርግ አውሰኝ አለችው፤ አዋሳት፤ ሳትመልስለት ቀረች። ፍልፈል ጭራውን ፍለጋ ወጣ። ዶሮን ጠየቃት፤ «ጭራህን አላየሁም፣ ግን ባዶ እጅህን አትሂድ» ብላ ላባዋን ሰጠችው። ፈረስም አላየሁም ብሎ ከጭራው ፀጉር ነቅሎ ሰጠው። በግም ቀንዱን ሰጠው። ቤቱ ሲመለስ ለካ ቀበሮ ጭራውን አምጥታ ከበሩ ጀርባ ሰቅላለታለች። ፍልፈል ግን ጉድጓዱ በስጦታ ሞልቶ ለጭራው ቦታ ስላጣ፣ «ጭራስ ይቅርብኝ» አለ። ለዚህ ነው ዛሬ ጭራ ያጣው።

መምህርቷ አጨበጨበች። እኔ ደግሞ በልቤ ሌላ ነገር አሰብኩ። ይህን ተረት ከነትንፋሹ የምታውቀው ሲፈን ናት። ልጆቹ «አሁን ወደ ማን እንሂድ?» ሲሉ የሚጠይቁት እሷን ነው። ያኔ አፏን ከመክፈት ሌላ መውጫ የላትም። እንዲህ ያለ ብልሃት ከእኔ በመውጣቱ ራሴን አደነቅሁ።

«ዕቃዎቹን ማን ይደብቃል?» አለች ሀዊ።

«እኔ!» አልኩ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ። ወገቤን አመመኝ።

ግቢያቸው ራቁቱን ነው፤ አንድ የባንዲራ እንጨትና አንድ የውሃ ሮቶ ነው ያለው። እዚያ ምን ይደበቃል? ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤቴ ባለው መንገድ፣ በጎረቤቶቼ በር በር ላይ አደርገዋለሁ አልኳት።

«ጎረቤቶቹ ቅር አይላቸውም?»

«የእኔ ጎረቤቶች? ተዪኝ እባክሽ!»

«እሺ። ብቻ እማማ፣ ማንም እንዳያውቅ። ቀድሞ ከተሰማ ጨዋታው ይበላሻል።»

እሷ ልጆቹን ማለቷ ነበር። እኔ ግን «ማንም እንዳያውቅ»ን እንደ ኪኒን በውሃ ዋጥኩት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እኔ! ባልቴት ሁሉ ወሬ ሲፈልግ በመጀመሪያ በሬን የሚያንኳኳው!

ዝግጅቱን ደግሞ በጣም ጥሩ አድርጌ ሠራሁት። ከዶሮዬ ጥቁር ላባ ወሰድኩ። ላባዋ ብቻዋን ስትታየኝ ስላሳዘነችኝ አንድ እንቁላል ጨመርኩላት። ከጋሪ ነጂው የፈረስ ጭራ ለምኜ በሦስት ጎነጎንኩት። ከሥጋ ቤት የበግ ቀንድ አመጣሁ። ለፍልፈሉ ጭራ ደግሞ አሮጌ ነጠላዬን ረጅም አድርጌ ጠመዘዝኩት። ልጆቹ ትንንሾች ናቸው፣ ከሩቅ ይታያቸው ብዬ ሁሉንም በቀይ ክር እያሰርኩ ቋጠርኩ።

አሁን እናንተ እየሳቃችሁ ነው። ጥቁር ላባ፣ ቀይ ክር፣ እንቁላል፣ ቀንድ፣ በሰው በር ላይ። እናንተ ገብቷችኋል። እኔ ግን ይህን ስሠራ እየዘፈንኩ ነበር። ሰው ልቡ በአንድ ነገር ሲሞላ ዓይኑ ሥራ ይፈታል መሰለኝ።

የዕለቱ ዕለት ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ነጭ ጋቢዬን ከራሴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ተከናንቤ፣ ዓይኔን ብቻ አስቀርቼ ወጣሁ። ጉሙ እስከ ጉልበቴ ድረስ መሬቱን ሸፍኖታል። ላባዋንና እንቁላሏን በወይዘሮ በላይነሽ በር አኖርኩ፤ ዶሮ የምታረባው እሷ ናትና ዶሮ እሷ ትሁን ብዬ። የፈረሱን ፀጉር በሐጂ ሁሴን የቆርቆሮ በር ላይ አንጠለጠልኩት። ቀንዱን ደግሞ ጋሽ ታደሰ ደጅ አስቀመጥኩት፤ ግቢው ውስጥ የታሰረ ሙክት አለው። ጭራውን ቤቴ ሰቀልኩና እጄን እያሻሸሁ ሻይ ጣድኩ። ሲፈንን አልብሼ፣ አብልቼ፣ ትምህርት ቤት አድርሼ ተመለስኩ። ጭንቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ዛሬ ይህች ልጅ ታወራ ይሆን?

ሻዬን ሳልጨርስ ጩኸት ሰማሁ።

«ኡኡ! ኡኡ! ድረሱልኝ ያገር ሰው!»

ወይዘሮ በላይነሽ ናት። ድምጿ ሮቤ ይሰማል። ነጠላዬን ሳላስተካክል ሮጥኩ። ሰፈሩ ተሰብስቧል፤ እሷ መሃል ላይ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች።

«እትዬ፣ እንኳን መጡልኝ! ይዩልኝ! በደጄ! እኔ ማንን ምን አደረግኩ?»

«በላይነሽ፣ ይሄ እኮ...»

«አይቅረቡት! እርስዎ አይችሉትም! ጎህ ሲቀድ በመስኮት አይቼዋለሁ እኮ! ነጭ ነገር፣ ረጅም፣ በጉሙ ላይ ሲንሳፈፍ!»

«ምን ይመስላል?» አለ አንዱ።

«ፊት የለውም። እግርም የለውም!»

እግሬን አየሁት። አለ። ግን እሷ በእርግጠኝነት ስትናገር እኔም ተጠራጠርኩ።

«ስሚኝማ በላይነሽ...»

«ከእርስዎ ቤት ጠበል አይጠፋም፤ ቶሎ ያምጡልኝ እትዬ፣ በማርያም!»

በማርያም ከተባልኩ ምን አደርጋለሁ? ሮጬ ጠበሉን በማሰሮ አመጣሁ። እሷ በላዩ ላይ ረጨች፣ እኔም አብሬ ረጨሁ። የገዛ ዶሮዬን እንቁላል! ያቺ እንቁላል ከተጣለች ጀምሮ እንዲህ ያለ ክብር አግኝታ አታውቅም።

ይህን ስናደርግ ሐጂ ሁሴን ወጡ። እኩያዬ ናቸው፤ ጎረቤት ሆነን አርጅተናል። የጎነጎንኩትን የፈረስ ፀጉር በከዘራቸው ጫፍ አንጠልጥለው፣ ክንዳቸው እስከቻለ ድረስ ከሰውነታቸው አርቀውታል።

«ያ ጃርቲ!» አሉኝ፤ አንቺ አሮጊት ማለታቸው ነው፣ በፍቅር ነው የሚሉኝ። «ይኸውልሽ! ጎሮ ከተማ ያለው አማቼ ሥራ ነው። ሰርጌ ላይ አልመጣህም ብሎ ተቀይሞኛል። አሁኑኑ ደውዬ ነግሬዋለሁ!»

«ደወሉለት?» አልኩ።

«ደውዬ ምን የመሰለ ስድብ ሰደብኩት! አስተግፊሩላህ!» አሉና ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ቀርተው በፀጉሩ ላይ እፍ አሉበት።

ከወዲያ ማዶ ደግሞ ጭስ ይወጣል። ጋሽ ታደሰ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ጴንጤ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አልፈራም ባይ ነው። «ይህ ባዶ ነገር ነው! ምንም ኃይል የለውም! በኢየሱስ ስም!» ይላል። ይህን የሚለው ግን ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነው፤ ክብሪት እየጫረ ከሩቅ ይወረውራል። ላምባ አርከፍክፎበታል። ቀንድ ሲቃጠል ሸትቷችሁ ያውቃል? አይሽተታችሁ።

እኔም መሃል መንገድ ላይ ማሰሮዬን ይዤ ቆሜ አየሁ። በዚህ በኩል ጠበል፣ በዚያ በኩል ቁርኣን፣ በወዲያኛው በኩል ጸሎት። ሰፈራችን ድሮም ተስማምቶ የሚኖር ነው፤ ግን እንዲህ አንድ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ አንድ ያደረገውም የእኔ ፍልፈል ነው።

ለምን ቶሎ አልተናገርሽም ትሉኛላችሁ። ልናገር ነበር። አፌን ስከፍት ግን አንድ ነገር ታየኝ። «ጎህ ሳይቀድ ተከናንባ በየሰው በር ላባ የምታኖር አሮጊት» ሲባል ታየኝ። ከዚያ የሲፈን ስም ታየኝ። እስከ ዛሬ ዲዳዋ ነበረች። ከዛሬ በኋላ የመተተኛዋ ልጅ ልትሆን ነው። ቦርሳዋን አቅፋ የምትቆምበት ግንብ እንኳ ይጠባታል። ይህ ሲታየኝ አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ያኔ ነው ልጆቹ የመጡት። በሁለት ተሰልፈው፣ ገመድ ይዘው፣ እየዘመሩ። ሀዊ ከፊት ናት። ሲፈን ከሁሉ ኋላ፣ ብቻዋን።

«ልጆች!» አለች ሀዊ፣ ሕዝቡ ሊያይላት የወጣ መስሏት ፊቷ በርቶ። «ፍልፈል መጀመሪያ ማንን ጠየቀ?»

«ዶሮን!»

«የዶሮዋ ቤት የት ይሆን?»

ነኢማ የምትባል አንዲት ቀልጣፋ ልጅ በሰዎቹ እግር መሃል ሾልካ ገባች። «ላባ! ቲቸር፣ ላባ አገኘሁ!» ብላ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ጣይው!» አለች በላይነሽ። «ጣይው ልጄ! መተት ነው! መተት!»

ነኢማ እንደያዘችው ደርቃ ቀረች። ከዚያ አለቀሰች። ሕፃናት ደግሞ አንዱ ካለቀሰ ምክንያት አይጠይቁም፤ ሰልፉ በሙሉ እሪ አለ።

ሀዊ ግራ ገባት። «ኧረ ምንም አይደለም! እኛ ነን እኮ ያስቀመጥነው! ማለቴ... እማማ ናቸው...»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሐጂ ከነከዘራቸው፣ ታደሰ ከነክብሪቱ።

«እትዬ?» አለች በላይነሽ፣ ቀስ ብላ። «እርስዎ ነዎት?»

እኔ ወሬኛዋ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ዝም በይ የሚሉኝ ሴትዮ፣ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ያን ሁሉ ዓይን አየሁ። ያን ጊዜ ነው «እዚያ ብዙ ናቸው» ያለችኝ የገባኝ።

«የዶሮዋ ነው!»

ቀጭን ድምፅ ነው፣ ከኋላ። ሲፈን ገመዱን ለቃ እየተጋፋች መጣች። ጉንጯ ቀልቷል፣ እጇን ቡጢ ጨብጣለች።

«መተት አይደለም! አኮዬ ክፉ አይደለችም! ዶሮዋ ናት ለፍልፈል የሰጠችው፣ ባዶ እጁን እንዳይሄድ!» ከዚያ ወደ ነኢማ ዞረች። «አትጣይው። አንቺ ነሽ ያገኘሽው፣ ያንቺ ነው።»

ነኢማ ለቅሶዋን መሃሉ ላይ አቆመች። «ቲቸር! ዲዳዋ አወራች!»

«ዲዳ አይደለሁም» አለች ሲፈን። «ዝም ብዬ ነው።»

ከዚያማ ማን ያቁማት! ከሐጂ በር ፊት ባለው ድንጋይ ላይ ወጥታ ተረቱን ከመጀመሪያው አነሳችው። በአማርኛ ጀመረች፣ ፈረሱ ጋ ስትደርስ በኦሮምኛ ሆነ፣ ቀበሮዋ ስትጨፍር ደግሞ ወርዳ ጨፍራ አሳየች። እኔ ያላልኩትንም ጨመረችበት። ሰፈሩ በሙሉ አፉን ከፍቶ ሰማ። እኔ ማሰሮዬን አቅፌ እንባዬ ይወርዳል፤ ጠበሉ ነው ብዬ ፊቴን ጠረግሁ።

ስትጨርስ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እና ፈረሱ የእኔ ቤት ነው የሚኖረው?»

«አዎ» አለች ሲፈን።

«ፈረስ ከሆነ ደህና ነው። ታደሰስ ማነው?»

«በጉ።»

«እኔ በግ?» አለ ታደሰ።

«በገዛ እጅህ ራስህን አቃጠልክ እኮ!» አሉና ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እኔ ደግሞ ዶሮ!» አለች በላይነሽ፣ ወገቧን ይዛ። «በዚህ ዕድሜዬ ዶሮ!»

«ታዲያ ዛሬ ሰፈሩን በጩኸት የቀሰቀሰው ማነው?» አሉ ሐጂ።

እሷም ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቅ ቀደማት። የእሷ ሳቅ ሲመጣ ደግሞ ማንም አይተርፍም።

ፍለጋው እንደገና ተጀመረ። ዕቃው ግማሹ ረጥቦ፣ ግማሹ ተቃጥሎ የለም፤ ስለዚህ ጎረቤቶቼ ራሳቸው እንስሳቱን ሆኑ። በላይነሽ በሯን ዘግታ ልጆቹ ሲያንኳኩ፣ «ማነው ፍልፈል? ጭራህን አላየሁም!» እያለች ላባም ዳቦም አደለች። ሐጂ አሽካኩ፤ እውነቴን ነው፣ ሐጂ ሁሴን አሽካኩ፤ ባለቤታቸውም በቅቤ የታሸ ጩኮ በሳህን አወጡ። ታደሰ ቀንዱን ስላቃጠለ አፍሮ ሙክቱን ራሱን ካልጎተትኩ አለ። ሙክቱ ግን ተረቱን አልሰማም፤ ታደሰን ጎትቶት እስከ ዋናው መንገድ ሄደ፣ ልጆቹም ከኋላው። ፊት የሚመራቸው ሲፈን ናት። «ቆይ! አሁን ወደ ፍልፈሉ ቤት ነው!» ስትል ሁሉም ይከተላታል።

የፍልፈሉ ቤት የእኔ ነው። ጭራውን የት እንዳኖርኩት ግን ረሳሁ። ልጆቹ አልጋ ሥር ገቡ፣ ዱቄት ውስጥ ገቡ፣ ከፋሲካ ጀምሮ የጠፋብኝን መነጽሬን አገኙልኝ፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። በመጨረሻ ሲፈንና ነኢማ ከበሩ ጀርባ አገኙት። ለካ ጠዋት ስመለስ ጋቢዬን የሰቀልኩት በላዩ ላይ ነው። ሁለቱ ጫፍና ጫፉን ይዘው ወጡ፤ «እኔ ነኝ ያየሁት»፣ «እኔ ነኝ የጎተትኩት» እየተባባሉ። ሲፈን ስትጨቃጨቅ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንግዲህ ማንን ላመስግን? ሀዊን አመሰግናለሁ፤ አለቃዋ ዘገየሽ ብሏት እንኳ እየሳቀች ነው የሄደችው። ሐጂን አመሰግናለሁ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ለጎሮው አማቻቸው መልሰው ደውለው፣ ከስድቡ በኋላ ወሬ ተከፈተና ታርቀው አረፉት፤ በገበያ ቀን መጥቶ አብረው ምሳ በሉ። በላይነሽን አመሰግናለሁ፤ እንዲያ ባትጮህ ልጄ መቼ ትናገር ነበር? ታደሰን አመሰግናለሁ፤ ቀንዱ ግን እስካሁን ይሸታል። አሁን ልጆቻቸው ቤት ውስጥ ሲረብሹ ሁሉም ወደ እኔ ይልኳቸዋል፤ ተረት ሲያልቅብኝ ሲፈን ትቀጥላለች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ላደርሳት ወጣሁ። ወትሮ በር ላይ ስንደርስ ጣቴን አንቃ ትይዝና አንድ በአንድ ነው የማላቅቃት። ያን ቀንም ልማዴ ነውና እጄን አዘጋጅቼ ቆምኩ። የሆነ ነገር እያወራችኝ ነበር፣ ስለ ጅራት ይሁን ስለ እርሳስ እንጃ። ከግቢው ውስጥ ነኢማ፣ «ሲፈን! ኮቱ! ነይ እንጂ!» አለቻት። ሲፈን ወሬዋን ከመሃሉ ቆርጣ፣ እጄን ጣል አድርጋ ሮጠች። ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ ይዘላል። ዞራ ታየኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላየችኝም።

ዘበኛው እዚያ ቆሜ ስቀር አይቶ፣ «እማማ፣ የረሱት ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም ልጄ» አልኩት። «የተረሳሁት እኔ ነኝ። ተመስገን።»